ደም ያለቀሰው ቸርኬ

ሥራ ካቆምኩ ወዲህ ያልለቀቀኝ አንድ መጥፎ ልማድ አለ። ንፋስ መውጫ መናኸሪያ በወረድኩ ቁጥር የቆመ መኪና ካየሁ ጎንበስ እልና የቸርኬውን ቀለም በጥፍሬ እጭራለሁ። ቸርኬ ማለት ጎማው የሚለብስበት ብረት ነው። ወጣቶቹ ሾፌሮች «ኧረ አባባ፣ ምን በደልንዎ?» ይሉኛል። አንዱማ በቀደም «ዛሬ ቸርኬ የሚበይድ የለም አባባ፤ ሲሰነጠቅ ወርውሮ ሌላ መግዛት ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ሳቅ፣ ልጄ። እኔ ግን ተበይዶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ አዲስ መስሎ የቆመ ነገር ካየሁ ሳልጭረው አላልፍም። ከቀለም ስር ያለውን የሚያውቅ አንድም እግዜር ነው፣ አንድም የበየደው ሰው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በዚህች ተረት እንጀራ በልቻለሁ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ እሷው ልትበላኝ ነበር። እሱን ልንገራችሁ።

ትውልዴ እስቴ ነው፣ ከመካነ ኢየሱስ ዝቅ ብሎ። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። ገብስ አጨዳ ላይ ሳለን ማጭዴን ጥዬ ልሂድ ስል አባቴ «ብረት ልትበላ ነው?» ብሎ ተቆጣኝ። እውነቱን ነበር፤ ብረት ስበላ ኖርኩ። መጀመሪያ መንገድ ሲጠረግ ድንጋይ ለቀማ ገባሁ። ከዚያ መካነ ኢየሱስ ከአንድ ሰው ዘንድ ጎማ እለጥፍ ነበር፤ ሰውየው ደመወዜን «ነገ፣ ነገ» እያለ ሲያመላልሰኝ ትቼው ወጣሁና ንፋስ መውጫ፣ ባላምባራስ እንግዳ ጊቢ ተቀጠርኩ። ባላምባራስ እህል የሚያመላልሱ የጭነት መኪኖች ነበሯቸው። ጊቢያቸው ውስጥ በቆርቆሮ የተከለለች ጋራዥ አለች፤ በበሩ በኩል ዘበኛው ባሻ ገላው ከነጠመንጃቸው ይቀመጣሉ።

መንገዱ፣ መንገድ ከተባለ፣ የበጋ ብቻ ነው። ድንጋዩ ቸርኬውን ያጣምመዋል፣ ይሰነጥቀዋል። አዲስ ይምጣ ከተባለ አስመራ ወይ አዲስ አበባ መላክ ነው፤ እሱም ከክረምት ወዲያ ይደርሳል። ስለዚህ እናቃናለን፣ እንበይዳለን፣ ቀለም እንቀባለን፣ መልሰን እንገጥማለን።

የጋራዡ አለቃ የኔታ ልሳኑ ነበሩ። «የኔታ» የምንላቸው በቀልድ አልነበረም። በልጅነታቸው እዚሁ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም፣ ድጓ ሲማሩ ነው ያደጉት። ጉሮሯቸውን ታመው ድምፃቸው ሲዘጋ አስመራ ወረዱና ከአንድ ጣሊያን ዘንድ ብየዳና ቀለም ተማሩ። ድምፃቸው ቀረ እንጂ ጆሯቸው አልቀረም። ቸርኬ ተበይዶ ሲያልቅ በገመድ ያንጠለጥሉታል፤ ዓይናቸውን ጨፍነው በእንጨት መዶሻ መታ ያደርጉታል። ብየዳው ደህና ከሆነ ድምፁ ይረዝማል፣ እየቀጠነ እየቀጠነ ይሄዳል። ውስጡ ስንጥቅ ካለ ግን ቶሎ ይሞታል። ደስ ካላቸው «አራራይ ነው፤ ይለፍ» ይላሉ። ካላማራቸው «ጉንፋን ይዞታል፤ እንደገና!» ብለው ይመልሱታል። ስቱኮ የሚሉትን መሙያ ጭቃ ቸርኬ ላይ ሲያደርግ ያገኙት ሰው ወዮለት። «ስቱኮ ለበር ነው» ይላሉ፤ «ቸርኬ ላይ ከሆነ የሐሰት ምስክር ነው። ዓይንንም ጆሮንም ያታልላል።»

ለቀለምም ሥርዓት ነበራቸው። የተበየደው ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ነጭ እስኪሆን ይታሻል፣ በቤንዚን ይጠረጋል። ከዚያ ሳይቀባ ማደር አለበት። «ብረት ማታ የደበቀውን ጠዋት ይናገራል» ይሉናል፤ ቀዝቅዞ ሲያድር የሚሰነጠቅ ከሆነ ጠዋት ድምፁ ያሳብቅበታል። ጠዋት እንደገና ይመቱታል። ጸሐይ ሞቅ ስትል ደግሞ ጉንጫቸውን ብረቱ ላይ ያስደግፋሉ። የጋይንት ብርድ የያዘው ብረት ቀለም አይቀበልማ። «እናት የልጇን ትኩሳት በጉንጯ ነው የምታውቀው» እያሉ አንዳንዴ ከቸርኬው ጋር ተቃቅፈው ይቆያሉ። መጀመሪያ ስቀን ነበር፤ ኋላ እኛም ጉንጫችንን ማስደገፍ ጀመርን። ሲሞቅ ቀዩ የዝገት መከላከያ ይቀባል፤ እሱ ሲደርቅ ግራጫው የላይ ቀለም።

አንድ በጋ ደሴ የሚባል በያጅ ገባ። የስማዳ ልጅ ነው፣ የቀጥቃጭ ልጅ። በኛ አገር ቀጥቃጭ ማለት ማረሻና ማጭድ የሚሠራ ነው። ሰው ደግሞ «ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል» ይለዋል። በደሴ አባት ማረሻ ያርሳሉ፣ ከደሴ አባት ጋር ግን አይበሉም። ደሴ ይህን ከጡት ጋር ነው የጠባው። ምሳ ስንበላ ለብቻው ፈንጠር ብሎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይበላ ነበር፤ ዓይኑ እህላችን ላይ አረፈ እንዳንል። አንድ ቀን «ለምን ወደኛ አትዞርም?» ብዬ ብጠይቀው፣

«ግድግዳ አይታመምም» አለኝ።

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። እኔም ብሆን ከሳቁ በኋላ ዳቦዬን በነጠላዬ ሸፈን አድርጌያለሁ።

እጁ ግን! እግዜር ያሳያችሁ። የብየዳው ስፌት እንደ እናቶች ጥልፍ እኩል እኩል የሚሄድ ነው። የኔታ የሱን ቸርኬ ሲመቱ ዓይናቸውን የሚከፍቱት ዘግይተው ነው፤ ድምፁ አላልቅ እያላቸው።

ቸርኬ ስንሠራ የየራሳችን ማንጠልጠያ ነበረን፤ የኔ ከምድጃው በኩል፣ የደሴ ከበሩ በኩል። በተጨማሪ ከውስጥ በኩል፣ ጎማ የሚሸፍነው ቦታ ላይ፣ በመሮ ምልክት እንመታለን። የኔ አንድ ጭረት፣ የሱ መስቀል። ይህቺን የምናውቅ የኔታና እኛ ብቻ ነን።

ነገሩ የጀመረው ሾፌሩ ጋሼ በላቸው ከስማዳ ቁልቁለት ሲመለስ ነው። ጋሼ በላቸው ከዚያ በፊት ቸርኬ ተሰብሮበት ከገደል አፋፍ የተረፈ ሰው ነበር፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ፣ የብሎን ድምፅ ያስደነግጠዋል። ከመኪናው ዘሎ ወረደና «ኑ እዩ! ኑ እዩልኝ!» አለ። ሄደን አየን። ደሴ የበየደው ቸርኬ፣ ብየዳው ባለበት ሁሉ ቀለሙ እንደ እሳት ቃጠሎ አብጧል። አንዳንዱ ፈንድቶ ከውስጡ ቀይ ውሃ ወርዶ ደርቋል።

«ደም አለቀሰ» አለ ጋሼ በላቸው። በዚያው ቀን ከተማው ሁሉ ሰማ።

ቀለሙን ፍቀን ደግመን ቀባነው። ደግሞ አበጠ። ደሴ ሌላ ቸርኬ ሠራ፤ እሱም አበጠ።

ያኔ የኔ በሽታ ተነሳብኝ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቀለም የሚልክልንን የደብረ ታቦር ነጋዴ ነው፤ ነጭ ጋዝ ቀላቅሎበታል ብዬ። ቆርቆሮውን ባሸተትኩ ባሸተትኩ ጊዜ ራሴ ዞረ እንጂ ምንም አላገኘሁም። ቀጥዬ ቤንዚኑን ጠረጠርኩ። ከዚያ ራሱን ጋሼ በላቸውን፤ ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ እየወረደ ብረቱን አግሎት ነው አልኩ። ግን አንድ ነገር መልስ አጣሁለት። ቀለሙ አንድ፣ ቤንዚኑ አንድ፣ ሾፌሩ አንድ ነው፤ እኔ የበየድኩት ቸርኬ አንድም ቀን አላበጠም። የሚያብጠው የደሴ ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ይባላል? ልቤ ወደማይሆን ቦታ ሄደች። ቡዳ ብረት ይበላል ወይ ብዬ አንዲት አሮጊት ጠየቅሁ። «ሰው የበላ ብረት ያቅተዋል?» አሉኝ።

ባላምባራስ ጋራዡ ድረስ መጡ። ለቁጣ ሲመጡ ካባቸውን ደርበው ነው፤ ነገሩ ደህና እንዳልሆነ ከካባው አወቅን።

«የኔታ፣ ሾፌሬ በዚህ ቸርኬ አልሄድም ብሏል። ጥምቀት እስኪደርስ ይሄ ነገር ካልቆመ ልጁን ከጊቢዬ አስወጣለሁ።»

«ብየዳው ደህና ነው ጌታዬ። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።»

«እኔ ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ» አሉና ሄዱ።

ደሴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆሞ ነበር። ሰዉ ሲበተን ወደኔ መጣ። «ስማኝ» አለኝ፣ «በሥራ ጉድለት ቢያባርሩኝ ግድ የለኝም፤ ሌላ ጋራዥ እገባለሁ። በዚህ ስም ከወጣሁ ግን ከዚህ እስከ አስመራ በር የሚከፍትልኝ የለም። አባቴ መሬት ሸጦ አይደለም ያስተማረኝ፤ መሬትም የለን። ማረሻ ደብድቦ ነው።» ዓይን ዓይኔን እያየ ነው የተናገረው። እኔ ግን ዓይኑን ማየት አቃተኝ፤ ለምን እንዳቃተኝ እሱም እኔም እናውቃለን።

የኔታ በማግስቱ ሁለታችንንም ጠሩን። ምድጃው ጥግ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ጺማቸውን እያሻሹ እንዲህ አሉን።

«የደሴ ብየዳ ማታ ሲመታ ደህና ነው። ጠዋት ሲመታ ደህና ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የብየዳ አይደለም። ቀለሙም የሁላችሁ አንድ ነው። በመካከል አንድ ነገር አለ። ዛሬ ቦታ ተለዋወጡ። ያንተን ቸርኬ በበሩ በኩል ስቀል፣ ደሴ የሱን በምድጃው በኩል ይስቀል። ለነፍስ እንዳትናገሩ፤ ለንስሐ አባታችሁም ቢሆን።»

እንዳሉት አደረግን። ጠዋት መቱ፣ ጉንጫቸውን አስደገፉ፣ ተቀባ፣ ተገጠመ። ጋሼ በላቸው በባላምባራስ ቁጣ ተገፍቶ፣ እያማተበ ወደ ስማዳ ወረደ።

እስኪመለስ ድረስ እህል አልበላ አለኝ። ደሴ ግን ይሠራል። ይፍቃል፣ ይበይዳል፣ ምሳ ሲደርስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይበላል።

መኪናው ገና ከጊቢው ሲገባ ጋሼ በላቸው በመስኮት «አልቅሷል! ዛሬም አልቅሷል!» ይላል። ባላምባራስ ከእልፍኛቸው ወጡ፣ ሠራተኛው ሁሉ ተሰበሰበ። አንዱ ቸርኬ ቀለሙ ተነፋፍቶ ቀይ ውሃ አውርዷል። «ይኸው፣ በበሩ በኩል የተሰቀለው የደሴው ነው» አለ ጋሼ በላቸው፤ «እንግዲህ ምን ትጠብቃላችሁ?»

የኔታ «ጎማውን አውልቁ» አሉ። ወለቀ። «ባላምባራስ፣ እዚህ ጋ ይመልከቱ። ምልክቱ ምንድነው?»

«አንድ ጭረት።»

«ጭረቱ የማነው?» አሉ የኔታ ወደኔ ዞረው።

«የኔ» አልኩ።

ጋሼ በላቸው ከአጠገቤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ይህን አልረሳም። አብረን ስንት ጠላ የጠጣን ሰው! ሌላውም አፈገፈገ። ምን ልዋሻችሁ፣ እኔም ራሴን ጠረጠርኩ። እናቴ የደበቀችኝ ነገር ይኖር ይሆን? በአያቴ በኩል ቀጥቃጭ ነበረ እንዴ? እዚያው ቆሜ ዘሬን እስከ ሰባት ቤት ስቆጥር ያየኝ ደሴ ብቻ ነው። ከንፈሩ ትንሽ ፈገግ ያለ መሰለኝ።

ባላምባራስ ግራ ገባቸው። የኔታ «አንድ ጠዋት ብቻ ይስጡኝ» ብለው ለመኗቸው።

በዚያው ቀን ሌላ ቸርኬ ፍቀን በበሩ በኩል ሰቀልን። በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ሦስታችን ከመኪናው ጀርባ ቆመን ጠበቅን። ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። የኪዳን ደወል ተሰማ፣ ቆይቶም ሰው ከቤተ ክርስቲያን መመለስ ጀመረ። የጊቢው በር ሲጥ አለ። ባሻ ገላው ናቸው፣ ዘበኛችን። ጋቢያቸውን አጣፍተዋል፣ በእጃቸው ጠርሙስ ይዘዋል። በቀጥታ ወደ በሩ ማንጠልጠያ ሄዱና ቆብ አውልቀው «በስመ አብ» ብለው ጠበል ረጩበት። ብየዳው ላይ አጥብቀው ረጩ። ከዚያ በጋቢያቸው ጫፍ ጥርግ ጥርግ አድርገው አደረቁት። የኔን ማንጠልጠያ አላዩትም።

«ባሻ!» አልኩ ከተደበቅሁበት ዘልዬ፤ «ምን እያደረጉ ነው?»

ቅንጣት አልደነገጡም። «ምን አደርጋለሁ? ጠበል እረጫለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ይሄ ልጅ ከገባ ጀምሮ ነዋ! የጌታዬ መኪና ገደል ይግባ?»

«ታዲያ ሳይነግሩን?»

«ማን ጠየቀኝ?»

«የኔንስ ለምን አይረጩም?»

«ያንተ ምን ሆኖ! አንተ የባላገር ልጅ ነህ» አሉና ከኔ ኋላ የቆመውን ደሴን ያኔ አዩት። ጠርሙሱን ጋቢያቸው ስር ከተቱ።

የኔታ ወደ ቸርኬው ተጠጉ። ከመሬት ቀጭን ሰበዝ አንስተው የብየዳው ስፌት መካከል፣ ለዓይን በጭንቅ የምትታይ ጉድጓድ ውስጥ፣ አስገብተው አወጧት። ጫፏ ርሷል። ገባኝ። ጋቢው ላዩን አድርቆታል፤ ውስጡ ግን ውሃ ቀርቷል። እኛ በላዩ ቀለም እየቀባን ቀብረነዋል። ስማዳ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ቸርኬው ይግላል፣ የተቀበረው ውሃ ይፈላል፣ ቀለሙን ገፍቶ ያሳብጣል፣ ዝገቱን ይዞ ይወርዳል። የምናየው ደም ይኸው ነው። የደሴ ብቻ ያለቀሰው የደሴ ብቻ ስለተጠረጠረ ነው።

ባሻ ተቆጡ። «ጠበል ነው አበላሸ የምትሉኝ?»

«ሎቱ ስብሐት!» አሉ የኔታ። «ጠበል ያረፈበትን ይቀድሳል። ብረት ግን ውሃ ከጠጣ ይዝጋል፣ ጠበልም ይሁን የወንዝ ውሃ። እግዜር የብረትን ጠባይ እንደዚህ አድርጎ ፈጥሮታል። ይርጩ ባሻ፣ አልከለክልም። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ይርጩ። ደግሞ ሲረጩ ለሁሉም ይርጩ፤ ሁላችንም ያስፈልገናል።»

«ይሁን» አሉ ባሻ።

ወዲያው ባላምባራስ ዘንድ ሄድን። የኔታ ነገሩን ከሥሩ አስረዱ፣ ሰበዟን ሳይቀር አሳዩ። ባላምባራስ ሰሙ፣ ሰሙና፣

«ታዲያ ቡዳው ማነው?» አሉ።

«ቡዳ የለም ጌታዬ። ውሃ ነው።»

ጋሼ በላቸው ከበሩ ጥግ ቆሞ ነበር። «ውሃማ እናውቃለን የኔታ፣ ውሃ መች ደም ያለቅሳል? ፊት የደሴ ነበር፤ ኋላ የሱም አለቀሰ» አለና በአገጩ እኔን ጠቆመ። «አብረው ውለው አጋብቶበት እንደሆነስ?»

እኔ እሳት ጎረስኩ። «አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህ ጠፍቷል? ባሻ ራሳቸው ረጨሁ አሉ እኮ!»

ባላምባራስ እጃቸውን አነሱ። ደሴን አዩት፣ እኔን አዩኝ። እኔ ደሴ ነጻ ወጣ የሚል ቃል ከአፋቸው ስጠብቅ፣

«ሁለቱንም ባባርር ማን ይበይድልኛል? ይቀመጡ» አሉ።

ይኸው ነው ፍርዱ። ደሴ ሥራው ተረፈለት። ስሙ ግን አልተረፈለትም። ከዚያ ወዲያ ቸርኬ አላለቀሰም፤ ጋሼ በላቸውም በየደረሰበት «ባሻ ባይረጩልን አልቀን ነበር» እያለ አወራ። የኔታ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ብረት ውስጥ የገባ ውሃ በእሳት ይወጣል፤ ሰው ልብ ውስጥ የገባ ነገር በምን እንደሚወጣ ጣሊያኑም አላስተማረኝ፣ ቤተ ልሔምም ሆኜ አልተማርኩም» አሉኝ። እኔ ከዚያ በኋላ በብዙ ጋራዥ ሠራሁ፤ ብዙ አለቃም አየሁ፣ ገሚሱ ደግ፣ ገሚሱ ሌባ። እንደሳቸው ያለ ግን አልገጠመኝም።

ከፍርዱ ማግስት የነበረችውን ምሳ ግን እስካሁን አልረሳኋትም። እንደ ወትሮው ከመኪናው ጥላ ስር ተቀመጥን። ጋሼ በላቸው ዳቦውን ሊቆርስ ሲል ቀና ብሎ አየኝ፤ ነጠላውንም ሳብ አድርጎ ዳቦውን ሸፈነው። እኔ ከደሴ ዓይን እንደሸፈንኩት አድርጎ። እልህ ያዘኝ፤ ቁራሼን ይዤ ተነሳሁና ደሴ አጠገብ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተቀመጥኩ።

ደሴ አላየኝም፤ ቦታ ለመልቀቅ ብቻ ትንሽ ፈቀቅ አለ። ቆርቆሮው ላይ የድሮ ቀለም ጠብታ አለ፣ ሁለታችንም እሱን እያየን ቆየን። ከዚያ ዳቦውን ለሁለት ቆርሶ ግማሹን ወደኔ ዘረጋ። እጄ ለአፍታ ያህል አየር ላይ ቀረች። አያችኋት፣ ያን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ! ደሴም አያት።

«አይዞህ፣ ይለመዳል» አለኝ።

ተቀበልኩትና በላሁ። ዳቦ ነው። ሌላ ምንም አልነበረበትም።